ትንሽ እያዩ በሰላም መንቀሳቀስ፦ በትሩም፣ አጉሊ መነጽሩም፣ ስልኩም በየቦታቸው

ይሄ መመሪያ መነጽር አድርገውም፣ ታክመውም በደንብ ለማያዩ ሰዎች ነው። ሙሉ በሙሉ ዓይነ ስውር አይደሉም፣ ግን እንደ ሌላው ሰውም አያዩም። ሰው መቆሙን ያያሉ፣ ማን እንደሆነ ግን አይለዩም። አውቶቡሱ ሲመጣ ቀለሙን ያያሉ፣ ቁጥሩን አያነቡም። ቀን እንደልባቸው ይሄዳሉ፣ ሲመሽ ግን እግራቸው ያመነታል። እንዲህ ያለ ሰው ከአንዱ "አንተማ ታያለህ" ይባላል፣ ከሌላው "ብቻህን እንዳትወጣ" ይባላል። ሁለቱም አያራምዱትም። የሚያራምደው የቀረውን እይታ፣ በትሩንና ስልኩን ለየሥራቸው ማዋል ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከስልክ ነው። እኔ ግን ከእግር እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ። ስልክ የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል፤ አንድ እርምጃ ፊታችሁ ያለውን ክፍት ጉድጓድ ግን አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ በትር ነው። ስለዚህ ስልኩን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ዓይናችሁን እወቁት

ሐኪም ካርዳችሁ ላይ 6/60 ብሎ ከጻፈ፣ ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር ላይ የሚለየውን እናንተ ለመለየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ አለባችሁ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በተሻለው ዓይን ከ6/18 በታች ያለውን መካከለኛ፣ ከ6/60 በታች ያለውን ከባድ የእይታ ጉዳት ይለዋል፤ ከ3/60 በታች ሲሆን ደግሞ ዓይነ ስውርነት ብሎ ይመድበዋል። ቁጥሩን ማወቅ ጥሩ ነው። ለመንገድ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም የጠፋው የት በኩል እንደሆነ አይነግራችሁም።

ግላኮማና ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ የሚባሉት የዓይን ሕመሞች ብዙውን ጊዜ ዳር ዳሩን ይወስዱና መሀሉን ይተዉታል። እንዲህ ያለ ሰው ትንንሽ ጽሑፍ እያነበበ ከጎኑ ያለው ወንበር ሊጥለው ይችላል፤ ሰውም "ሲያነብ አይቼዋለሁ፣ እንዴት ወንበር አያይም?" ይላል። የማኩላ (በዓይን ጀርባ መሀል መሀሉን የሚያየው ክፍል) ሕመም ተቃራኒው ነው። መሀሉ ይጠፋል፣ ዳሩ ይቀራል። ሰውየው መንገዱን ደህና ይሄዳል፣ የሚያናግረውን ሰው ፊት ግን አያይም። በስኳር ሕመም የተጎዳ ሬቲና (በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) እዚህም እዚያም ክፍተት ሊፈጥር ይችላል። ሞራ ያለበትን ዓይን ደግሞ በጣም የሚያስቸግረው ከፊት የሚመጣ ብርሃን ነው።

የራሳችሁን ለማወቅ አንድ ሰው ያግዛችሁ። ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ምረጡና ዓይናችሁን ከዚያ ሳታነሱ ቁሙ። አጋዣችሁ ከኋላችሁ ሆኖ እጁን ቀስ እያለ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች ወደ ፊታችሁ ያምጣ። እጁ የታያችሁበትን ቅጽበት ተናገሩ። በተለይ ከታች ሲመጣ ልብ በሉ፤ የታችኛው እይታ ከጎደለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝና ደረጃ ሳይታይ እግር ስር ይደርሳል። ከዚያ ይሄንኑ በቀትር ፀሐይ፣ ሲመሻሽና ከውጭ ወደ ቤት እንደገባችሁ ደግማችሁ አስተውሉት። ይሄ የሐኪም ምርመራን አይተካም። የት ቦታና በስንት ሰዓት መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ግን ይነግራችኋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ድንገት የብርሃን ብልጭታ ማየት፣ የጥቁር ነጠብጣቦች መብዛት ወይም መጋረጃ የወረደ የሚመስል ጥላ ካጋጠማችሁ መመሪያውን ተዉትና በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሬቲና ከቦታው ሲላቀቅ እንዲህ ያደርጋል፣ የሚታከመውም በጊዜ ሲደረስበት ነው።

ብርሃኑን አስተካክሉ

ይሄ ርካሹና በጣም ችላ የሚባለው ክፍል ነው። ሰፊ ከንፈር ያለው ኮፍያ አድርጉ። ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ያስቀራል፣ የቅርንጫፍን ጫፍም ከፊታችሁ በፊት ያገኘዋል። መነጽር ስትመርጡ ጥቁሩን ወዲያው አታንሱ። ጥቁር መነጽር ነጸብራቁን ሲቀንስ የምትፈልጉትን ብርሃንም አብሮ ይወስዳል፣ ጠርዝና ጥላም ይደባለቃሉ። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቡናማ ቀለም ያላቸው ሌንሶች ለብዙ ሰው ነገሮችን ለይተው ያሳያሉ። የትኛው እንደሚስማማችሁ የምታውቁት ደጅ ወጥታችሁ፣ ደረጃና አስፋልት እያያችሁ ስትሞክሩት ብቻ ነው። በጎን የሚገባውንም ብርሃን የሚከልል ቢሆን ይመረጣል።

ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቦታ ስትገቡ ወዲያው አትራመዱ። ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ፣ የሰው መንገድ ሳትዘጉ ቁሙና ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ። ደቂቃዎች ቢወስድም ይውሰድ። ማታ ሰፋ ያለ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ ያዙና ዝቅ አድርጋችሁ ወደፊት አብሩ፤ ከዝቅታ የሚመጣ ብርሃን የጠርዝና የድንጋይ ጥላ ስለሚያረዝም ጎላ ብለው ይታያሉ።

የቀረውን እይታ አሠልጥኑት

ዳሩ የጠፋባችሁ ከሆነ ዓይናችሁን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላታችሁንም አንቀሳቅሱ፣ በሥርዓት። መጀመሪያ ቅርብ ያለውን መሬት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ራቅ ያለውን፣ በመጨረሻ በጭንቅላት ከፍታ ያለውን። እንዳሻው ማየት አይሠራም፣ ሁልጊዜ የሚዘለል ቦታ ይኖራል። ሰው በበዛበት ቦታ ቆም ብላችሁ ቃኙ፣ ከዚያ ተራመዱ።

መሀሉ የጠፋባችሁ ደግሞ የሰዓት ዘዴውን ሞክሩ። አንድ ሰው ፊት ለፊታችሁ ይቀመጥ። ፊቱን የሰዓት መሀል አድርጋችሁ ቁጥሮቹ ዙሪያውን እንዳሉ አስቡ። ዓይናችሁን 12 ላይ አሳርፉ፣ ቀጥሎ 1 ላይ፣ 2 ላይ፣ እንዲህ እያላችሁ ዙሩ። በአንዱ ላይ ፊቱ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይገለጣል። ያ የእናንተ ቦታ ነው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ተለማመዱት፤ መጀመሪያ ያደክማል፣ በኋላ ዓይናችሁ ራሱ ይፈልገዋል።

ነጭ በትር

እዚህ ጋ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። "እኔ እኮ አያለሁ፣ በትር የያዝኩ እንደሆነ ሰው ምን ይላል?" የሚል ሐሳብ ስንቱን አስወድቋል። ነጭ በትር ምንም የማያይ ሰው ምልክት ብቻ አይደለም። እይታው ለማይበቃው ሁሉ ነው። ማታ ብቻ የሚይዘው አለ፣ የማያውቀው ሰፈር ሲሄድ ብቻ የሚዘረጋው አለ። ተጣጣፊ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እያዩ በትር መያዝ ማስመሰል አይደለም። ዓይናችሁ እግራችሁን መጠበቅ ሲያቅተው በትሩ ይጠብቅና ዓይናችሁ ቀና ብሎ የሚሄድበትን ይይ።

በትሩ ነጭ መሆኑም ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 ጄምስ ቢግስ የተባለ የብሪስቶል ፎቶ አንሺ፣ በአደጋ እይታውን ካጣ በኋላ መኪኖች እንዲያዩት ብሎ ምርኩዙን ነጭ ቀባው። ረጅሙን በትር እያወዛወዙ መሄድን በሥርዓት ያስተማረው ደግሞ ሪቻርድ ሁቨር ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ቫሊ ፎርጅ የጦር ሆስፒታል ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች። ዛሬ የምንማረው ዘዴ መሠረቱ የሱ ነው። ነጭና ቀይ ቀለበት ያለበት በትር ካያችሁ ደግሞ በብዙ አገሮች የያዘው ሰው የመስማትም ችግር እንዳለበት ያሳያል።

በትሮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አጭሩና ቀጭኑ ምልክት ብቻ ነው፤ ለሾፌርና ለመንገደኛ "በደንብ አላይም" ይላል፣ መሬት ግን አይፈትሽም። መካከለኛው ደረጃና ጠርዝ ለመፈለጊያ ይሆናል። ረጅሙ እየሄዳችሁ መሬቱን የሚፈትሽላችሁ ነው። ሳታዩ የምትደናቀፉ ከሆነ ረጅሙን ምረጡ። ቁመቱ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ከመሬት እስከ ደረታችሁ አጥንት የታችኛው ጫፍ ይድረስ፤ ፈጣን ወይም ሰፊ እርምጃ ያለው ሰው ትንሽ ያስረዝመው። ለምርኩዝነት አይሆንም፣ ክብደታችሁን አይችልም።

አያያዙ እንዲህ ነው። እጃችሁን እምብርታችሁ ፊት ለፊት አድርጉ። መያዣውን ሰው እንደምትጨብጡ ያዙት፣ አመልካች ጣታችሁ በመያዣው ላይ ወደታች ተዘርግታ ትረፍ። ክንዳችሁን ሳታወዛውዙ ከእጅ አንጓችሁ ብቻ ጫፉን ወደ ግራና ቀኝ ውሰዱት። ስፋቱ ከትከሻችሁ በየጎኑ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ብቻ ይለፍ። በጣም ካሰፋችሁት የሰው እግር ታጠልፋላችሁ፣ ካጠበባችሁት ትከሻችሁ ያልተፈተሸ መንገድ ውስጥ ይገባል።

ምቱ ከእርምጃ ጋር ይሄዳል። ቀኝ እግር ወደፊት ሲሄድ የበትሩ ጫፍ ግራ ላይ ነው፣ ግራው ሲሄድ ቀኝ ላይ። ለምን ቢባል፣ ጫፉ ቀጥሎ የሚያርፈው እግር የሚረግጥበትን ቦታ ቀድሞ ማየት አለበት። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ወይም ሰው በሌለበት ሜዳ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ጫፉን ግራና ቀኝ መታ መታ ማድረግ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ከመሬት ሳያነሱ ማንሸራተት ነው። ማንሸራተቱ ትንሿን ዝቅታ ሳይቀር ያገኛል፣ ለዚህ የሚሽከረከር ክብ ጫፍ ይመቻል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ማንሸራተቱን ነው።

ደረጃ ስትወርዱ መጀመሪያ ጠርዙን በጫፉ ፈልጉ፣ ሁለት እግራችሁን ጠርዙ ጋ አስተካክላችሁ ቁሙ። ከዚያ ጫፉን ከፊታችሁ ካለው ደረጃ ጠርዝ ትንሽ አሳልፋችሁ ያዙትና ውረዱ። ወለሉን ሲነካ ሊያልቅ አንድ ወይም ሁለት ቀርቷል ማለት ነው፤ የመጨረሻው ላይ የሚወድቀው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ፍጥነት ቀንሱ። ስትወጡ እጃችሁን ከመያዣው ዝቅ አድርጋችሁ በትሩን ያዙትና ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ጫፉ የሚቀጥለውን ደረጃ ግንባር ነካ ነካ ያድርግ። የሚነካው ሲያጣ ደረጃው አልቋል። የእጅ መደገፊያ ካለ በሌላ እጃችሁ ያዙ።

በትሩ የማያገኘው አለ፤ ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ፣ የተከፈተ መስኮት፣ የቆመ የጭነት መኪና ጀርባ። ጠርጥራችሁ ከሆነ ነጻ እጃችሁን በግንባራችሁ ከፍታ፣ ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ፣ መዳፉን ወደ ውጭ አዙራችሁ ያዙ። በድምፅ ሞገድ ከፍ ያለ መሰናክል ፈልገው የሚንቀጠቀጡ ኤሌክትሮኒክ በትሮችም አሉ። ጥሩ ናቸው፣ ግን ተራውን በትር ያልተማረ ሰው በእነሱ አይድንም።

የመንቀሳቀስ ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ ካገኛችሁ ከሱ ተማሩ። እኔ እዚህ የጻፍኩትን እሱ እጃችሁን ይዞ ያስተካክለዋል፣ ጽሑፍ ያንን አይችልም።

ለሩቅና ለቅርብ ንባብ

አጉሊ መነጽር ስትመርጡ ትልቁን ቁጥር አትሩጡበት። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል፣ መቅረብም ያስፈልጋል። አምስት እጥፍ የሚያጎላው 20 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው፣ የሚነበበውም ከወረቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲያዝ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚቆመውን ዓይነት ቢይዝ ይሻለዋል። የሚበቃችሁን ትንሹን ማጉላት ምረጡ።

ለሩቅ፣ ለአውቶቡስ ቁጥርና ለመንገድ ምልክት፣ በአንድ ዓይን የሚታይ ትንሽ ቴሌስኮፕ አለ። መጀመሪያ ምልክቱ ያለበትን አቅጣጫ በባዶ ዓይናችሁ ያዙ፣ ጭንቅላታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ቴሌስኮፑን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ቆማችሁ ብቻ! በሱ እያያችሁ አንድ እርምጃ እንኳን አትሂዱ፣ ርቀቱን ሁሉ ያዛባባችኋል። ቴሌስኮፕ ከሌለ የስልክ ካሜራ አለ፤ ምልክቱን ፎቶ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ አንብቡት። የሚንቀሳቀሰውን አውቶቡስ እንኳን በዚህ መያዝ ይቻላል።

አሁን ስልኩ

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈቱ። ማግኒፊኬሽንን አብሩ፣ የፊደሉን መጠን ጨምሩ፣ ቀለም መገልበጫውንና የጽሑፍ ንጽጽሩን ሞክሩ። ስክሪኑን ማየት ሲያደክማችሁ ቶክባክ ያነብላችኋል፤ በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ጥቂት ሰከንድ ስትጫኑ ይበራል፣ ይጠፋልም። አይፎን ላይ ደግሞ ዙም የሚባለውን ካበራችሁ በሦስት ጣት ሁለቴ መታ ስታደርጉ ስክሪኑ ይጎላል፤ አንባቢው ቮይስኦቨር ነው፣ ማግኒፋየር የተባለው አፕ ደግሞ ካሜራውን አጉሊ መነጽር ያደርገዋል። የስልካችሁ ድምፅ አማርኛ ካላነበበ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ድምፅ ያነባል። ለዛ የለውም፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

በካሜራ ጽሑፍና ዕቃ ለማወቅ ሲንግ ኤአይ እና ሉክአውት የሚባሉ አፖች አሉ። ቢ ማይ አይስ የተባለው አፕ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያይ በጎ ፈቃደኛን በቪዲዮ ያገናኛል፤ የበር ቁጥር ለማግኘት፣ የወደቀ ዕቃ ለመፈለግ ግሩም ነው። መንገድ ለማቋረጥ ግን በፍጹም አትጠቀሙበት። ኔትዎርክ ይዘገያል፣ ካሜራው የሚያሳየውም ጥቂቱን ነው። ምስል አይቶ የሚገልጸውም አፕ በእርግጠኝነት እየተናገረ ሊሳሳት ይችላል።

ጂፒኤስም ልኩ ይታወቅ። ሰማዩ ክፍት በሆነበት እንኳን የስልክ ጂፒኤስ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፣ በሕንጻዎች መሀል ከዚያም ይብሳል። 5 ሜትር ማለት ከእግረኛ መንገድ እስከ መኪና መንገድ መሀል ነው። ስለዚህ ስልኩ "ደርሰዋል" ሲል ሰፈሩ ደረሳችሁ ማለት ነው፣ በሩን በራሳችሁ ፈልጉ። ጆሯችሁንም አትዝጉ። ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ኢርፎን አድርጎ መንገድ መውጣት ለእኛ አደጋ ነው። ድምፁን በጉንጭ አጥንት የሚያስተላልፈው ዓይነት ጆሮን ክፍት ይተዋል። ስክሪን ማየት ካስፈለገ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ።

መንገዱን ተማሩት

አዲስ መንገድ በአንዴ አይያዝም። ቆራርጡት። ከቤት እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ፣ ከዚያ እስከ ማቋረጫው፣ ከዚያ እስከ ፌርማታው። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የማይንቀሳቀስ ምልክት ፈልጉ፦ የመሬቱ መለወጥ፣ ቁልቁለት፣ ሁልጊዜ የሚሰማ የማሽን ድምፅ፣ የአጥር ማለቅ። የቆመ መኪና ምልክት አይሆንም፣ ነገ የለም። መጀመሪያ ከሰው ጋር ሂዱ። አጋዣችሁ አይግፋችሁ፣ እጃችሁንም አይጎትት፤ እናንተ ከክርኑ በላይ ያዙትና ግማሽ እርምጃ ከኋላ ሁኑ። ሰውነቱ ከፍና ዝቅ ሲል ደረጃው ይነገራችኋል። መመለሻውንም ለብቻው ተለማመዱ። ሁሉም ነገር በሌላ ጎን ስለሚሆን እንደ አዲስ መንገድ ቁጠሩት።

መንገድ ማቋረጥ

አንዳንድ ከተሞች ማቋረጫ ላይ እግር የሚያውቀው ንጣፍ አላቸው። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፈው ነው፣ መጀመሪያ የተነጠፈውም በ1967 በኦካያማ ከተማ ነው። ክብ ክብ ጉብታ ማለት ቁሙ፣ ፊታችሁ አደጋ አለ፤ ረጃጅም መስመር ማለት በዚህ አቅጣጫ ሂዱ ማለት ነው። በእግርም በበትርም ይለያሉ።

ንጣፍ ኖረም አልኖረም፣ አቋራጩ እንዲህ ነው። ዙር ብላችሁም ቢሆን የታወቀውን ማቋረጫ ምረጡ፤ በቆሙ መኪኖች መሀል አትግቡ። ጠርዙን በበትር አግኙና ቁሙ። ሰውነታችሁን ለመንገዱ ቀጥ አድርጉ፣ አጎንብሳችሁ ወይም ዞር ብላችሁ ከቆማችሁ መሀል መንገድ ላይ ትዛነፋላችሁ። በትሩን ሾፌር እንዲያየው ከፊታችሁ ያዙት።

አሁን ስሙ። ትራፊክ መብራት ባለበት፣ ከፊታችሁ የሚያልፉት መኪኖች ሲቆሙና ከጎናችሁ ከእናንተ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ሲነሱ ያ ጊዜ የእናንተ ነው፤ ግን ወደ እናንተ የሚታጠፍ መኪና እንደሌለ አረጋግጡ። የእናንተ ተራ ከጀመረ በኋላ ከደረሳችሁ አትጀምሩ። ምን ያህል እንደቀረው አታውቁም፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ። መብራት በሌለበት ከሁለቱም በኩል ጸጥ እስኪል ጠብቁ። ጸጥታውንም ሙሉ አትመኑት፣ የኤሌክትሪክ መኪና ዝግ ሲል ድምፁ ያንሳል። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝቅተኛ ፍጥነት ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። ዝናብና ነፋስም ድምፅ ይሸፍናሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ጠይቃችሁ ተሻገሩ።

ሾፌር ቆሞ በእጁ "እለፍ" ቢላችሁ ወዲያው አትነሱ። እሱ ቢቆምም ከጎኑ ያለው ላይቆም ይችላል። ከተነሳችሁ ደግሞ በአንድ ፍጥነት ሂዱ፣ መሀል ላይ አትመለሱ። አቅጣጫ ከጠፋባችሁ ከጎናችሁ የሚሄዱትን መኪኖች ድምፅ ተከተሉ።

እርዳታ ስትጠይቁ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ። "እርዱኝ" ካላችሁ ክንዳችሁን ይዘው ይጎትታሉ። "ክንድህን ልያዝና እስከ ማዶ እንሻገር" ካላችሁ የሚያደርገውን ያውቃል።

ለቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ የደረጃዎቹን ጠርዝ ከወለሉ በተለየ ቀለም ቀቡ ወይም ፕላስተር ለጥፉበት፣ በተለይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን። የበትሩን ጫፍም በየጊዜው በጣታችሁ ዳስሱት። በአንድ በኩል ካለቀ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ይይዛችኋልና ቀይሩት፣ አንድ ትርፍ ጫፍም ቦርሳ ውስጥ ይኑር።